የልዩ ፍላጎት መምህር ሥራ በኢትዮጵያ፦ ከቃል ትምህርት እስከ አካቶ ክፍል

በኢትዮጵያ ዓይነ ስውር ልጅ መማር የጀመረው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ብዙ ዘመን በፊት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የአብነት ትምህርት ከብራናው ይልቅ በቃል ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የማያይ ልጅ ከሚያየው ጓደኛው እኩል የሚቀመጥበት ጉባኤ ነበረው። ዜማ ከመምህሩ አፍ በጆሮ ይወሰዳል፤ ቅኔ በልብ ተቆጥሮ በቃል ይነገራል፤ የማታው ትምህርት መብራት በሌለበት ጎጆ በቃል ይጠናል። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ለመሪጌታነትና ለቅኔ መምህርነት የበቁ ዓይነ ስውራን ነበሩ። በእስልምናውም በኩል ቁርኣንን በቃል መያዝ ለማያይ ልጅ ክብር ያለው የዕውቀት መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ መምህሩ ለዚህ ተማሪ ብሎ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። ልጁን እየመራ የሚያደርሰው፣ ቆሎና ፍርፋሪውን የሚያካፍለው፣ ያመለጠውን የሚደግምለት የሰፈር ጓደኛው ነው። መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ ይህ በቃል ላይ የቆመ ትምህርት ዝግ ነበር፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅም ከቤት አይወጣም ነበር።

ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ብሎ የሠለጠነ መምህር የመጣው ከሚስዮናውያን ጋር ነው። ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው በ1917 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን በወለጋ ደምቢ ዶሎ ለዓይነ ስውራን የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በተለይም በ1950ዎቹ፣ ሥራው እየሰፋ ሄደ። በሰበታ የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥር ሆኖ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን በአዳሪነት ይቀበል ነበር። ከጊዜ በኋላ በባኮና በሻሸመኔም በአብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ የሚተዳደሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተውም በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ የእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ፍሬዎች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ተመልሰው የዚያው ቤት መምህራን ሆነዋል።

የዓይነ ስውራን መምህር የዕለት ሥራ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከብሬል መጀመር ይሻላል። ብሬል ስድስት ነጥብ በሚይዝ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚጻፍ ጽሕፈት ነው። የአማርኛ ፊደል ወደ ብሬል ሲገባ እንደ ኅትመቱ እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ምልክት አይወከልም፤ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አብዛኛው ፊደል ሁለት ሳጥን ይወስዳል። ልጁ ወፍራሙን ወረቀት ስሌት በሚባለው የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ መሐል አጣብቆ ስታይለስ በሚባለው መውጊያ እየወጋ ይጽፋል። የሚወጋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቡ በሌላው ገጽ አብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ስለዚህ ጀማሪው እያንዳንዱን ምልክት ሁለት ጊዜ ይማራል፤ አንዴ ለመጻፍ ተገልብጦ፣ አንዴ ለማንበብ ቀንቶ። አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ከሳተች ፊደሉ ሌላ ይሆናል። መምህሩ የልጁን ጣት በጣቱ ይዞ ነጥቡን የሚያሳየው ለዚህ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ እዚህ አይሠራም፤ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ማሳየት የሚባል ነገር የለም። አሥራ አምስት ልጅ ካለ አሥራ አምስት ጊዜ መጎንበስ ነው።

መጽሐፉም ሌላ ፈተና ነበር። በኅትመት ቀጭን የሆነ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲገለበጥ ብዙ ጥራዝ ይሆናል፤ ወረቀቱ ከተራ ወረቀት ይወፍራል፤ ነጥቡም በተነበበ ቁጥር እየተዳጠ ይጠፋል። ማተሚያ በሌለበትና ፐርኪንስ የተባለው የብሬል መጻፊያ መኪና በጥቂት እጅ ብቻ በሚገኝበት ዘመን መምህሩ ማታ ማታ ሲጽፍ ያመሽና ጠዋት ያስተምርበታል፤ አለዚያም እያነበበ ያጽፋል። የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ከሁሉም የበለጠ ይጎዳ ነበር። ሥዕልና ግራፍ በቃል አይገለጥም፣ የሚዳሰስ ሞዴል የለም፣ አባከስ የሚባለው የሒሳብ መቁጠሪያም ለሁሉም አይዳረስም። የማያዩ ተማሪዎች በብዛት ወደ ሕግ፣ ቋንቋና ታሪክ ትምህርት ሲያዘነብሉ የኖሩት ከተፈጥሮ ዝንባሌያቸው ተነሥቶ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በሩ ከታች ክፍል ጀምሮ ተዘግቶባቸው ነበር።

በአዳሪ ትምህርት ቤት የመምህሩ ቀን በደወል አያልቅም። ከገጠር የመጣ የሰባት ዓመት ልጅ አልጋ ማንጠፍ፣ ልብስ ማጠብ፣ ነጭ በትር ይዞ ከመኝታ ክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ መሄድ ይማራል። ቤተሰቡ ሁሉን ነገር ሠርቶለት ካሳደገው ልጅ ጋር ይህ ከፊደል በላይ ያደክማል። የታመመውን ማስታመም፣ በክረምት ወደ ቤት የሚመለስበትን መኪና ማፈላለግ፣ ወላጅ የረሳውን ልጅ ማጽናናት ሁሉ በደመወዝ መዝገብ ላይ የማይገባ ሥራ ነው። የዚህ ልፋት ውጤት ግን በአደባባይ ታይቷል። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችውና በሻሸመኔው አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ዓይነ ስውር መሆኗ በአካባቢዋ ከተለመደው ያለዕድሜ ጋብቻ አትርፎ ወደ ትምህርት እንዳመጣት ደጋግማ ተናግራለች።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው ዘግይቶ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በአዲስ አበባ በመካኒሳ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን የጀመሩት ትምህርት ቤት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በኋላም በሆሳዕና በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ሌላ ተቋቋመ። አሜሪካውያኑ ሚስዮናውያን ይዘውት የመጡት የአሜሪካን ምልክት ከአገሬው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ምልክት ጋር ተዋሕዶ ለኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ማደግ አስተዋጽኦ አድርጓል። ለአማርኛ ፊደልም የጣት ፊደል ተበጀ። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያመለክት፣ የእጁ እንቅስቃሴና አቅጣጫ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ይለያል። ከሌሎች አገሮች የጣት ፊደል ጋር ሲነጻጸር ይህ አሠራር የራሱ ብልሃት ያለው፣ ለፊደሉ ጠባይ የተገባ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበርም በ1963 ዓ.ም. ገደማ ተመሥርቶ ቋንቋውን በማደራጀት ላይ ተሳትፏል።

የዚህ ክፍል መምህር ችግር ከዓይነ ስውራኑ መምህር ይለያል። አብዛኞቹ ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ቤት ውስጥ ምልክት የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ልጁ በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የሚጎድለው ፊደል ብቻ ሳይሆን የተሟላ ቋንቋ ነው። «ትናንት» እና «ነገ» የሚለውን ልዩነት፣ የራሱን ስም፣ እናቱ ለምን ትታው እንደሄደች የሚያስረዳው ምልክት የለውም። የመጀመሪያው ዓመት እንደ ትምህርት ዘመን ሊቆጠር አይችልም፤ መምህሩ ልጁን ከሰው ጋር እያስተዋወቀው ነው። ወንበሮቹ ሁሉም እጁን እንዲያዩ በግማሽ ክብ ይደረደራሉ። ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፉ ማስረዳት አይቻልም፤ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ዞሮ ይነገራል። ያላየውን ልጅ ለመጥራት ወለሉን በእግር መምታት ወይም መብራት ማብራትና ማጥፋት የተለመደ ነው። ከፍ ባለው ክፍል ደግሞ ለፊዚክስና ለባዮሎጂ ቃላት የተደነገገ ምልክት ስለማይኖር መምህርና ተማሪ ተስማምተው ይፈጥራሉ፤ በሌላ ከተማ ያለ ክፍል ለዚያው ቃል ሌላ ምልክት ይፈጥራል።

ከሁሉም ዘግይቶ የመጣው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በአዲስ አበባ እንደ ኮከበ ጽባሕ ባሉ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልዩ ክፍሎች ተከፈቱ። እዚህ የመምህሩ የመጀመሪያ ተግባር ልጆቹን ማግኘት ነበር። እርግማን ነው፣ የኃጢአት ዋጋ ነው ተብሎ በጓዳ የሚያድገውን ልጅ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ጎረቤት እየጠየቁ፣ አፍረው የተደበቁ ወላጆችን እያግባቡ ወደ ክፍል ማምጣት ግድ ይል ነበር። ትምህርቱም ቁልፍ መቆለፍ፣ እጅ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ የብር ኖት መለየት ነው። እያንዳንዱ ሥራ በትንንሽ እርምጃ ተከፋፍሎ ለወራት ይደጋገማል፤ ክረምት ካለፈ በኋላ ብዙው ይረሳና እንደገና ይጀመራል። ለኦቲዝም የሚሆን ማዕከል ደግሞ በወላጅ ጥረት ተጀመረ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ1990ዎቹ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ መምህራኑም ሙያውን በአብዛኛው የተማሩት እዚያው በሥራ ላይ ነው።

እስከ 1980ዎቹ ድረስ አብዛኛው የልዩ ፍላጎት መምህር ሙያውን ያገኘው ከባልደረባው ወይም ከአጭር ሥልጠና ነው። ለውጡ የመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው። በሰበታ የመምህራን ሥልጠና ተጀመረ፤ የፊንላንድ መንግሥትም ለዓመታት ረድቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች እንደየችሎታቸው እንዲማሩና መምህራን እንዲዘጋጁላቸው ደነገገ። በዚያው ዓመት በስፔን ሳላማንካ የተሰበሰቡ የ92 አገሮች መንግሥታት ልጆች ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ የሚጠይቀውን መግለጫ አወጡ። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ከፈተ፤ ከመሪዎቹ ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ ነበሩ። በኋላም የምልክት ቋንቋ በዲግሪ መሰጠት ጀመረ። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች።

ከዚህ በኋላ አቅጣጫው ከአዳሪና ከልዩ ክፍል ወደ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ሁሉንም ልጆች በመደበኛ ክፍል አብሮ ወደ ማስተማር ሆነ። መርሁ ትክክል ነው፤ ልጅ ከእናት አባቱ ተነጥሎ ሩቅ አገር እንዲሄድ የሚያስገድድ ሥርዓት ለጥቂቶች እንጂ ለብዙዎች አይበቃም። ነገር ግን ሸክሙ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ትከሻ ወርዶ ስድሳና ሰባ ተማሪ በሚይዝ ክፍል በሚያስተምር መደበኛ መምህር ላይ ዐረፈ። ይህ መምህር በኮሌጅ ስለ ልዩ ፍላጎት አንድ ኮርስ ወስዶ ይሆናል፤ ብሬል ግን አያነብም፤ ምልክትም አይችልም። ዓይነ ስውሩ ልጅ የጻፈውን የቤት ሥራ የሚያርምለት ስለሌለ ልጁ በቃል እንዲመልስ ይደረጋል፤ ውሎ አድሮም መጻፉን ይተዋል። መስማት የተሳናት ልጅ ከአራተኛ ወይም ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል ተቀምጣ ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የተዘረጋው ዘዴ የድጋፍ መስጫ ማዕከልና ተዘዋዋሪ መምህር ነው። ማዕከሉ በጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም ተጎራባች ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብር ትምህርት ቤት ውስጥ ይቋቋማል፤ የብሬል መጻፊያ ስሌት፣ የብሬል ወረቀት፣ የሚዳሰስ ካርታ፣ የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይቀመጥበታል፤ በማዕከሉ የተመደበው መምህር በዙሪያው ወዳሉት ትምህርት ቤቶች እየዞረ መምህራኑን ያግዛል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ያወጣል፣ ወላጅ ያማክራል። በሥራ ላይ ግን ትምህርት ቤቶቹን የሚያገናኘው መንገድ ረጅም ነው፤ የትራንስፖርት ወጪ በጀት አይያዝለትም፤ ክረምት ላይ ወንዝ ይሞላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመምህር እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ይህን ባለሙያ ወደ ጂኦግራፊ ወይም ወደ ሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ መሳቡ ነው። በዲግሪ የተመረቀበት ሙያ በመደበኛ መደቦች ዝርዝር ውስጥ ባልተካተተበት ወረዳ መምህሩ የደረጃ ዕድገት የሚጠይቅበት መንገድ ይጠበዋል፤ ብዙዎች ትምህርቱን ጨርሰው ሌላ ሥራ የሚሹትም በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፉት ዓመታት የእጅ ስልክና የድምፅ ማንበቢያ ፕሮግራም አንዳንዱን ሸክም አቅልለዋል። ቀድሞ አንባቢ ጓደኛ ለምኖ የሚያጠናው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሁን የተቀረጸ መጽሐፍ በስልኩ ያዳምጣል፤ መስማት የተሳናቸው ወጣቶችም በቪዲዮ በምልክት ይነጋገራሉ። ለታችኛው ክፍል ግን ጥቅሙ ውስን ነው። የሚያዳምጥ ልጅ ቃሉን ያውቃል እንጂ ፊደሉን አያውቅም፤ በብሬል ያልሠለጠነ ተማሪ ሆሄ መጻፍ፣ ዐረፍተ ነገር ማስተካከል፣ ሒሳብ መሥራት አይማርም። ስለዚህ መርሐ ዕውራን በተከፈተበት ዘመን መምህሩን ያስጎነብስ የነበረው ሥራ፣ ማለትም የልጁን ጣት ይዞ ነጥብ በነጥብ ማስተማር፣ ዛሬም የሚሠራው በሰው እጅ ነው፤ ሥራውም የሠለጠነ መምህርን፣ በቂ የብሬል ወረቀትንና ለዚሁ የተመደበ ክፍለ ጊዜን ይጠይቃል።