ቦዲ ኪት ከማስገጠምዎ በፊት ጋራዡን ይመርምሩ

ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ዓለም ባንክ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢያስተውል፣ «ባትላሜራና ቀለም» የሚል ጽሑፍ የሰቀለ ጋራዥ ሳይገጥመው አይቀርም። የኮልፌ ቀራንዮ ጋራዦች ገበያቸው የደራው በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ አድሶ፣ አስውቦ መንዳት የብዙዎች ምርጫ ሆኗል። ወጣቶቹ ዘንድ ሲደርስ ማስዋቡ «ቦዲ ኪት» ይባላል፤ ይኸውም ለፊትና ለኋላ ፓራውልት፣ ለጎን ቀሚስ፣ አንዳንዴም ለኮፈኑ ጀርባ ክንፍ መግጠም ነው።

እኔም በዚህ ጉዳይ ልምድ አለኝ፣ የሚያኮራ ግን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄ «አባዬ፣ መኪናዋን እናልብሳት» ብሎ ወተወተኝና ስሙን ወደማልጠቅሰው ጋራዥ ሄድን። ባለቤቱ «ጋሼ፣ ሐሙስ ይውሰዱ» አለኝ። ግማሹን ክፍያ ቆጥሬ ሰጠሁት። ሐሙሱ ከሰባት ሳምንት በኋላ መጣ። የፓራውልቱ ነጭ ከበሩ ነጭ ጋር አይገናኝም፤ አንድ ክረምት እንዳለፈም ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተላጠ። የሕግ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ፤ እጄ ላይ ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረችም።

ቀለሙ ለምን እንደተላጠ የገባኝ በኋላ ነው። ፕላስቲክ ላሜራ አይደለም። በሚገባ ተሞርዶ፣ ቅባቱ ተወልውሎ፣ ለፕላስቲክ የተሠራ የመጀመሪያ ቅብ ካልተቀባ የላዩ ቀለም አይጨብጠውም። ስለዚህ ጋራዡን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለፕላስቲኩ ምን ትቀባላችሁ?» ብለው ነው። «ያው የመኪናውን» ካሉዎት አመስግነው ይውጡ። ሁለተኛው ጥያቄ የቀለሙን ቁጥር ይመለከታል። ቁጥሩ በአብዛኛው መኪና ላይ በበሩ ምሰሶ ወይም በኮፈኑ ሥር በተለጠፈች ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፀሐይ የበላው የአሥር ዓመት ቀለም ከፋብሪካው ቀለም ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ጥሩ ቀቢ በቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክሮ፣ ከበሩ ጎን አስጠግቶ፣ በቀን ብርሃን ያሳይዎታል።

ቀለሙ የት እንደሚቀባም ይዩ። ደጅ ላይ ከተቀባ አቧራው አብሮ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ያደበዝዘዋል። ፎርኖ ያለው ጋራዥ ይወደዳል፣ ቢሆንም ልዩነቱ ያዋጣል። ቀቢዎቹ ጭምብል ማድረጋቸውንም ልብ ይበሉ። ከቀለሙ ጋር የሚደባለቀው ማጠንከሪያ ኢሶሳይናት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ይህም አስም ያስይዛል። ለልጆቹ ሳንባ የማይጨነቅ ባለቤት ለእርስዎ ፓራውልት ይጨነቃል ብዬ አላምንም።

ትናንት ወጥታ የምታብለጨልጭ መኪና ሲያሳዩዎት አይደነቁ፤ ከዓመት በፊት የሠሯትን ይጠይቁ። የበር ጎማዎች ላይ ቀለም ከተረጨ፣ ገጽታው ሲያዘነብሉ ብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ፣ ክፍተቶቹ በስቱኮ ከተደፈኑ፣ ይበቃዎታል። ኪቱ ከመቀባቱ በፊት መኪናው ላይ ተለክቶ መታየት አለበት። ለማሰር ላሜራው ከተበሳ ቀዳዳው ዝገት መከላከያ ይቀባ። ከመሬት ያለውን ከፍታም አይርሱ፤ የሰፈራችን ኮብልስቶንና ጉብታ ለዝቅተኛ ፓራውልት ርኅራኄ የለውም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች እንዲህ ያለውን የሥራ ውል ይገዛሉ። ውሉ የግድ በጽሑፍ ይሁን አይሉም፤ ክርክር ሲነሳ ግን ያለ ጽሑፍ ማስረዳት ከባድ ነው። የሰጡት ገንዘብ «ቀብድ» ይሁን «ቅድሚያ ክፍያ» ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ብዙ ጋራዦች ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገው ይጽፏቸዋል፣ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። የማስረከቢያውን ቀንና ለዘገየው እያንዳንዱ ቀን የሚከፈለውን ገደብ (ቁጥር 1889) ያክሉበት። የቀለሙን ቁጥር፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ ክሪኩና ስኮርታው መኪናው ውስጥ መኖራቸውን ይጻፉ። መኪናውን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ።

ቀለሙን በሙሉ የሚቀይሩ ከሆነ ሊብሬዎ ላይ የተጻፈው ሌላ መሆኑን አይዘንጉ፤ አስቀድመው ወደ መንገድ ትራንስፖርት ጎራ ይበሉ፣ ለኢንሹራንስዎም ያሳውቁ።

መኪናዎን ለመረከብ ሲሄዱ ጠዋት ይሂዱ። አመሻሽ ላይ ነጭ ሁሉ አንድ ነው። ቀሪውን ክፍያ የሚፈጽሙት ፀሐይ ላይ አውጥተው ዙሪያዋን ካዩ በኋላ ይሁን፤ ቢያንስ ለአንድ ወር ያህልም ሰም አይቀቧት።