ጥገኛ ፍጆታ፦ የቆመ መኪና ባትሪ የሚያወርደው ምንድን ነው?

በሐዋሳ መሃል ከተማ ማታ ያለችግር የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲዞርለት ሞተሪኖው "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ፣ ፍርዱ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይሰጣል፦ "ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር።" ባለመኪናው ሰው ጠርቶ ያስገፋል፣ ወይም ከጎረቤት መኪና በካቦ አስነስቶ በቀጥታ ወደ ባትሪ መሸጫ ይሄዳል። አዲሱ ባትሪ ጥቂት ሳምንት ወይም ጥቂት ወር ያገለግልና ያው ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። ባትሪው የተቀየረው ለምን እንደወረደ ሳይታወቅ ስለሆነ፣ ያወረደው ነገር አሁንም መኪናው ውስጥ አለ። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ይህን ነገር በውጭው አጠራር "ፓራሲቲክ ድሬይን" ይሉታል፤ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ "ባትሪ የሚበላ ነገር አለ" ይባላል። በአማርኛ "ጥገኛ ፍጆታ" ብንለው ይስማማዋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ በሮቹ ተዘግተው ሳለ ከሚገባው በላይ ከባትሪው እየወጣ የሚያልቅ ኤሌክትሪክ ማለት ነው።

"ከሚገባው በላይ" የሚለው ሐረግ የትርጉሙ ዋና ክፍል ነው። መኪና ጠፍቶም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ የሌባ ማንቂያው ይጠብቃል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር የያዘውን እንዳይረሳ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ይህ የዕረፍት ፍጆታ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ50 ሚሊአምፔር አይበልጥም፤ ጥፋትም አይደለም። ጥገኛ የሚባለው ከዚህ የሚተርፈው ነው። ብዙ ጊዜ "ሾርት አለው" ሲባል ቢሰማም ሾርት ሌላ ነገር ነው። ሾርት ኤሌክትሪኩ መንገዱን አቋርጦ በብዛት ሲፈስ ነው፤ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ሽቦ ያግላል፣ ይሸታል። ጥገኛ ፍጆታ ግን ፊውዝ ሳይነካ፣ ምንም ሳያሳይ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ሾርት ፍለጋ የወጣ ሰው የተቃጠለ ነገር ሲያጣ "መኪናው ደህና ነው" ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ ነገሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በትናንሽ የቤት መኪኖች ላይ የተለመደ 45 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንውሰድ። ጤነኛው 50 ሚሊአምፔር በቀን የሚወስደው 1.2 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው፤ መኪናው አንድ ሳምንት ቢቆምም ይነሳል። ሳይጠፋ ያደረ ባለ 5 ዋት የውስጥ መብራት በ12 ሰዓት 5 አምፔር-ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ይህም ከጤነኛ ባትሪ አንድ ዘጠነኛው ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ አምፖል በአንድ ሌሊት ደህና ባትሪ አትገድልም። የፍሬን መብራት ማብሪያ ተጣብቆ ከቀረ ግን ሁለቱ ባለ 21 ዋት አምፖሎች በአንድ ሌሊት 42 አምፔር-ሰዓት ይጨርሳሉ። ሳይጠፉ የቀሩ የፊት መብራቶች ደግሞ አምስት ሰዓት ያህል ይበቃቸዋል። ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ እንዲህ ያለ ትልቅ፣ በዓይን የሚታይ መብራት በርቶ ካላደረ በስተቀር ባትሪው በአንድ ሌሊት አልሞተም። ለሳምንታት በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ ሲጎድል፣ ቀን ላይ የጎደለው ሳይሞላ ሲቀር ቆይቶ ያቺ ጠዋት የመጨረሻዋ ሆነች እንጂ።

የሐዋሳ አነዳድም ለዚህ ይመቻል። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ርቀቱ አጭር ነው፤ ከፒያሳ ሐይቅ ዳር ደርሶ መቆም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሌሊት 5 አምፔር-ሰዓት ያጣ ባትሪ እየተነሳ በሚቆም ጉዞ፣ መብራትና ቴፕ እየሠሩ፣ በዲናሞው ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ባጃጆች ላይ ደግሞ በየጊዜው የሚጨመሩት ጌጥ መብራቶችና ድምፅ ማጉያዎች አሉ፤ ከቁልፉ በኋላ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ከተቀጠሉ ተሽከርካሪው ቆሞም ይወስዳሉ። ሙቀቱም ድርሻ አለው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ትሞቃለች፤ ሙቀት ደግሞ በባትሪው ውስጥ ያለውን ዝገት ያፋጥናል፣ ውሃውንም ያተናል። በአንጻሩ ጠዋቱ እንደ አዲስ አበባ ስለማይበርድ የደከመ ባትሪ እንኳ ሞተሩን ማስነሳቱን ይቀጥላል፤ ድካሙ ቀድሞ አይታወቅም። ይባስ ብሎ ጎድሎ የሚቆይ የሊድ ባትሪ በሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክርበታል፤ 45 ይይዝ የነበረው 20 ብቻ የሚይዝበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ትንሿ አምፖልም ትበቃዋለች።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ተራ ቴስተር ይበቃል። አስቀድሞ ባትሪውና ዲናሞው ይለካሉ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ቆሞ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ 12.2 ላይ ግማሹ ወጥቷል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ችግሩ አሞላሉ ላይ ነው። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ኮፈኑ እንደተከፈተ በሮቹ ይዘጋሉ፣ የኔጌቲቩ ካቦ ተፈትቶ ቴስተሩ በ10 አምፔር መለኪያው በካቦውና በባትሪው መካከል ይገባል፤ ከዚያ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ይህን ጥበቃ መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ ገና ያልተኛ መኪና ብዙ ስለሚወስድ ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስለዋል። ቴስተሩ እንደተገጠመ ቁልፍ አይዞርም፣ ሞተርም አይነሳም። ንባቡ ከ0.05 አምፔር ብዙ ከበለጠ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ቁጥሩ በወረደበት መስመር ላይ ጥገኛው አለ። ሁሉም ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ የዲናሞው ዳዮድ ይጠረጠራል፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና።

"ማታ ማታ ካቦ መንቀል አይቀልም ወይ?" የሚሉ አሉ። ለአንድ ሳምንት መፍትሔ ይሆናል፤ ነገር ግን ማንቂያው ይጠፋል፣ አንዳንዱ ቴፕ ኮድ ይጠይቃል፣ የዲናሞው ብልሽትም ሳይታይ ይባባሳል። "ባትሪ ቀይሬ ተፈታልኝ" የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል፣ አንዳንድ ጊዜ እውነት ስለሆነ። ያረጀ ባትሪ ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ ባትሪ ሰፊ ስለሆነ ጥገኛውን ለወራት ይሸከመዋል፤ መሸከሙ አለመኖሩን አያሳይም። ሁለቱን የሚለየው ልኬት ብቻ ነው። "ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው" የሚለውም አያስመልጥም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በመንገዶቻችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ትልቁን ባትሪ የምታስነሳ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው። እሷ ከወረደች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። በእነዚህ መኪኖች ላይ ብርቱካናማ ካቦ በፍጹም አይነካም፤ ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል።

ባትሪ ዛሬ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ "ይቀየር" ሲባሉ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባለሙያውን ይህን ይጠይቁት፦ መኪናው ተኝቶ ስንት ሚሊአምፔር ይወስዳል? ቁጥሩን ካልነገረዎት ገና አልለካም ማለት ነው፤ እንዲለካ ያድርጉ።