የኅብረት ስምምነትና የአብራሪዎች የሕመም ፈቃድ በአሜሪካ
የዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.አ.አ ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ፣ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ከበረራ በፊት ለሥራ ብቁ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። በአጭር ጊዜ ጥሪ የሚሠማራ ተጠባባቂ አብራሪም ለጥሪ ዝግጁ ሆኖ የሚቆየው በአንድ ዙር ቢበዛ ለ14 ሰዓት ነው።

ይሁን እንጂ ታሞ የቀረ አብራሪ ክፍያ ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው ይህ ደንብ ሳይሆን፣ አየር መንገዱና የአብራሪዎቹ ማኅበር የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ነው። ተጠባባቂ አብራሪ ባይበርም እንኳ አነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ አለው። በተጠባባቂነት ቀኑ ሲታመም ሰዓቱ ካጠራቀመው የሕመም ፈቃድ ይቀነሳል፤ ፈቃዱ ካለቀ ገቢው ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ በስምምነቱ ውስጥ የፈቃዱ መጠን፣ የሐኪም ማስረጃ የሚጠየቅበት ሁኔታ ወይም ከጥሪ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ የመድረሻው ጊዜ ሲለወጥ፣ ሕመም የተሰማው አብራሪ ለመቅረት ወይም ለመብረር የሚያደርገው ውሳኔ አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ለውጡ ግን ፈጥኖ አይመጣም። በ1926 ወጥቶ በ1936 አየር መንገዶችን ባካተተው የባቡር ሠራተኞች ሕግ መሠረት፣ የቀድሞው ስምምነት የማሻሻያው ጊዜ ቢደርስም ድርድሩ እስኪቋጭ ጸንቶ ይቆያል። የዴልታ አየር መንገድ አብራሪዎች ስምምነት የማሻሻያ ጊዜው የደረሰው በ2019 መጨረሻ ነበር፤ አዲሱ የጸደቀው ግን የኮሮና ወረርሽኝ ድርድሩን ካጓተተው በኋላ በ2023 ነው።