የካርቱም መብረቅና የዓባይ ሙላት

በክረምት ሌሊት በካርቱም ሰማይ ዳር መብረቅ ብልጭ ማለት ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርሰው አቧራ ነው። ከነጎድጓዱ ደመና የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ደረቁን ምድር እየጠረገ፣ ሱዳናውያን «ሀቡብ» የሚሉትን የአቧራ ግድግዳ ያስነሣል። ዝናቡ አንዳንዴ ይከተላል፤ አንዳንዴም ይቀራል።

የወንዙ ሙላት ግን ከሌላ ሰማይ ነው። ዓባይን የሚሞላው የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ሲሆን፣ ጣና ከካርቱም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የዚያ መብረቅ ለከተማይቱ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1946 የቱቲ ደሴት ሰዎች በአፈር ግድብ የታገሉት ውኃ፣ ዐይናቸው ያላየው ዝናብ ውኃ ነበር።

ሐምሌ 28 እና 29 ቀን 1980 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ፤ ይህም ከተማይቱ በዓመት ከምታገኘው አማካይ ይበልጣል። የጭቃ ቤቶች ፈረሱ። ከጦርነትና ከረኀብ ሸሽተው በከተማይቱ ዳርቻ የሰፈሩ ተፈናቃዮች ዳግመኛ መጠለያ አጡ። በዚያው ክረምት ዓባይም ሞላ።

ሱዳን የደጋውን ደመና በሳተላይት ምስል የሚከታተል የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያቋቋመችው ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው። የካርቱም ሰው የራሱን መብረቅ ማንበብ ጥንትም ያውቅ ነበር፤ የጎደለው የጎረቤቱን ሰማይ የሚያይበት ዐይን ነበር።