ቅድመ እይታ እና አቋራጭ ቁልፎቹ

አንድ ሥራ ለተመልካች ከመቅረቡ በፊት፣ በሚቀርብበት መልክ አስቀድሞ ለአዘጋጁ ለራሱ የሚታይበት አሠራር በኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ዘንድ «ፕሪቪው» የሚባል ሲሆን፣ በአማርኛ «ቅድመ እይታ» ተብሎ ይጠራል። «ቅድመ» በቅድመ ሁኔታና በቅድመ ክፍያ ውስጥ ያለው የግእዝ ቃል ነው። ሁለተኛው ክፍል በዐይኑ ዕ «ዕይታ» ተብሎ ሲጻፍ በብዛት ቢታይም፣ የግእዙ ግሥ «ርእየ» በአልፉ እ ስለሚጻፍ «እይታ» የተሻለ መሠረት አለው። «አቋራጭ ቁልፍ» ደግሞ በማውስ ሜኑ ከሜኑ እየከፈቱ የሚደርሱበትን ትእዛዝ፣ ከኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ወይም ጥቂት ቁልፎችን አጣምሮ በመጫን የሚያስፈጽም ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የቅድመ እይታ አቋራጭ ይሆናሉ፤ ይህም ስላይድ የሚያዘጋጅ ሰው ከማረሚያው ገጽ ወደ ትዕይንቱ፣ ከትዕይንቱም ወደ ማረሚያው እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሣ የሚመላለስበት መንገድ ነው።

መመላለሱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የፓወር ፖይንትን ታሪክ በጥቂቱ መመልከት ይጠቅማል። ፎርቶውት በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን የሠሩት ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ሲወጣ (ማይክሮሶፍት ኩባንያውን የገዛውም በዚያው ዓመት ነው) ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር፤ ዋና ሥራውም በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ታትሞ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር የሚታይ ገጽ ማዘጋጀት ስለነበረ፣ አዘጋጁ በስክሪኑ ላይ ያየውና ተመልካቹ በግድግዳው ላይ የሚያየው ከሞላ ጎደል አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሦስተኛው እትም ግን ስላይዶቹ ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደ ፕሮጀክተር እንዲተላለፉና ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያልፉበት ጊዜ የሽግግር እንቅስቃሴ እንዲያሳዩ በማድረጉ፣ የሚታረመው ገጽና የሚታየው ትዕይንት ተለያዩ። ዛሬ በማረሚያው ገጽ ላይ ያለ ስላይድ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ያሳያል፤ ተራ በተራ ሊመጡ የታሰቡት ነጥቦች አብረው ተደርድረው፣ አንዱ ሲጠፋ በቦታው ሊተካ የታሰበው ሥዕል በሌላው ላይ ተደርቦ፣ እንዲደበቅ የታዘዘውም ስላይድ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ይታያል። ስለዚህ የማረሚያውን ገጽ አይቶ ትዕይንቱን እንዳየ መቁጠር ስሕተት ነው።

በዊንዶውስ በሚሠራው ፓወር ፖይንት ኤፍ 5 ቁልፍ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው ስላይድ ሲያስጀምር፣ ሺፍትን ይዞ ኤፍ 5ን መጫን በዚያ ሰዓት እየታረመ ካለው ስላይድ ያስጀምራል፤ ኢስኬፕ ደግሞ ትዕይንቱን ዘግቶ ወደ ማረሚያው ይመልሳል። ከሁለቱ በሰፊው የታወቀው የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ለአራሚ የሚጠቅመው ያለጥርጥር ሁለተኛው ነው፤ ኤፍ 5ን ብቻ የሚያውቅ ሰው በሠላሳኛው ስላይድ ላይ ያስተካከላትን አንዲት መስመር ለማየት ሃያ ዘጠኙን ማለፍ ይኖርበታል፣ ይህም ስለሚያሰለቸው ብዙውን ጊዜ ሳያይ ይተወዋል። ከያለበት ስላይድ የሚጀምር ሰው ግን ወደፊት እየተራመደ ይመለከታል፣ እንከን ያገኘበት ቦታ ሲደርስ ኢስኬፕን ይጫናል፣ ፕሮግራሙም ትዕይንቱ በቆመበት ስላይድ ላይ ስለሚያወርደው እዚያው አርሞ እንደገና ከዚያው ይቀጥላል። ትዕይንቱ ላይ እያለ ወደ ሌላ ስላይድ መዝለል የፈለገ የስላይዱን ቁጥር ጽፎ ኢንተርን ቢጫን ይደርሳል፤ የተደበቀ ስላይድ እንኳ በዚህ መንገድ ይከፈታል።

በማኪንቶሽ ፓወር ፖይንት ለዚሁ ተግባር ኮማንድና ሪተርን ከያለበት ስላይድ፣ ሺፍት ሲጨመርባቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ያስጀምራሉ። ሊብሬ ኦፊስ ኢምፕሬስ ሺፍትና ኤፍ 5ን ከያለበት ስላይድ ለመጀመር ይጠቀማል። ጉግል ስላይድስ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚሠራ በመሆኑና ማሰሻዎች ኤፍ 5ን ገጽን እንደገና ለመጫን ስለያዙት፣ በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ 5ን ከያለበት ስላይድ ለመጀመር፣ ኮንትሮል ሺፍትና ኤፍ 5ን ከመጀመሪያው ለመነሣት መድቧል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የላይኛው የቁልፍ ረድፍ ድምፅን ወይም የስክሪን ብርሃንን እንዲቆጣጠር ስለሚደረግ፣ ኤፍ ኤን የሚል ጽሑፍ ያለበት ቁልፍ ካልተያዘ ኤፍ 5 አይታዘዝም፤ «አቋራጩ አይሠራም» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ የሚቸገሩት በዚህ ነው።

ሙሉ ስክሪኑን የሚይዘው ትዕይንት የሚያስቸግረው አዘጋጅ በዊንዶውሱ ፓወር ፖይንት ውስጥ «የንባብ እይታ» ሊባል የሚችለውን አማራጭ ማግኘት ይችላል፤ ይህ እይታ ሽግግሩንና አኒሜሽኑን እንዳለ እያሳየ ትዕይንቱን በመስኮት ውስጥ ስለሚያቆየው፣ የሌሎች ፕሮግራሞች መስኮቶች በቅርብ ይገኛሉ።

ቅድመ እይታ የማያሳየው ነገር ግን አለ፤ በአማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ትዕይንቱ የሚታየው በአዘጋጁ ኮምፒውተር ላይ ባሉት ፎንቶች ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይከፈታል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እንደመጣው ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈው ቢያንስ ይነበባል፤ ሆኖም ፎንቱ በሌላ የግእዝ ፎንት ሲተካ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለወጥ፣ በአንድ መስመር ያለቀው ርእስ ለሁለት ሊከፈል፣ የሣጥኑም ጽሑፍ ከታች ሊፈስ ይችላል። ፓወር ፖይንት ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አጣብቆ የማስቀመጥ አማራጭ በማስቀመጫ ቅንብሮቹ ውስጥ ቢኖረውም፣ የአንዳንድ ፎንቶች ፈቃድ ይህን ስለሚከለክል ሁልጊዜ አያዋጣም። እንዲህ ያለ ፋይል የያዘ አቅራቢ ገለጻው በሚደረግበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ቅድመ እይታ ማድረግ ይኖርበታል፤ ጊዜው አጭር ከሆነም ሁሉንም ስላይድ ከማየት ይልቅ ረጅም ርእስና ሠንጠረዥ ያለባቸውን መርጦ ከእነርሱ በሺፍትና በኤፍ 5 ቢጀምር ይበቃዋል።