ባዶ ምላሽና ባዶ ወረፋ፦ ከመልእክት ወረፋ አጠያየቅ አንጻር

በመልእክት ወረፋ የሚገናኙ ፕሮግራሞች ፊት ለፊት አይተያዩም። ላኪው መልእክቱን ወረፋው ላይ አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፤ ተቀባዩ ደግሞ በራሱ ጊዜ መጥቶ «የመጣ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ አጠያየቅ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ የኮድ ዝርዝር ይታለፋል። በእኔ እምነት ግን የሥርዓቱን ወጪና አስተማማኝነት በእጅጉ የሚወስን ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ለተጠቃሚዎች በይፋ የቀረበውን የአማዞን ኤስኪውኤስን እንመልከት። በዚህ አገልግሎት የአንድ ወረፋ መልእክቶች በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ተቀባዩ በሾርት ፖሊንግ ሲጠይቅ አገልግሎቱ የተወሰኑ ሰርቨሮችን ብቻ አይቶ ወዲያው ይመልሳል። ስለዚህ መልእክት እያለም ባዶ ምላሽ ሊመጣ ይችላል። አንድ ባዶ ምላሽ ስላገኘ ብቻ «ሥራ አልቋል» ብሎ የሚዘጋ ፕሮግራም ያልተሠራ ሥራ ጥሎ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጨመረው ሎንግ ፖሊንግ ሁሉንም ሰርቨሮች ይጠይቃል፤ መልእክት ከሌለም ጥያቄውን እስከ 20 ሴኮንድ ይዞ ይቆያል፤ አንድ መልእክት እንደገባ ግን ቀሪውን ጊዜ ሳይጠብቅ ይመልሳል። በየሴኮንዱ የሚጠይቅ ተቀባይ በቀን 86,400 ጥያቄ ይልካል። ሃያ ሴኮንድ የሚጠብቀው፣ ምንም መልእክት ባልገባበት ቀን፣ 4,320 ያህል ይበቃዋል። ክፍያው በጥያቄ ብዛት ስለሚሰላ ባዶ ምላሽም ገንዘብ ነው። ወጪ ለመቀነስ ሉፑ ውስጥ «ስሊፕ» የሚጨምሩ አሉ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በተኛበት ሰዓት የገባ መልእክት እስኪነቃ ድረስ ይዘገያል። ጥበቃው ወደ ወረፋው ሲዛወር ወጪውም መዘግየቱም አብረው ይቀንሳሉ። የኤችቲቲፒ ግንኙነቱ የጊዜ ገደብ ግን ከ20 ሴኮንድ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ምላሹ ሳይደርስ መስመሩ ይቋረጣል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከተቀበሉ በኋላ ነው። የተወሰደ መልእክት ከወረፋው አይጠፋም፤ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠ ለ30 ሴኮንድ ከሌሎች ተቀባዮች ይሰወራል እንጂ። አንድን ክፍያ ማስተናገድ 40 ሴኮንድ ቢወስድ ያው መልእክት በመሃል ለሌላ ተቀባይ ይደርስና ደንበኛው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። የመሰወሪያውን ጊዜ ማርዘም ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መደበኛው ወረፋ አንድን መልእክት አልፎ አልፎ ደግሞ ሊያደርስ ይችላልና። የክፍያውን መለያ ቁጥር መዝግቦ የተደገመውን መለየት የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው። መልእክቱንም ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይሰርዝ፤ ፕሮግራሙ በመሃል ቢወድቅ የተሰረዘው መልእክት ተመልሶ አይገኝም።