የአሸንጌ ጭቃ የጻፈው ታሪክ

የዋግ ድርቅ ሲወሳ አንዳንዱ ከ1881 ዓ.ም. ገደማ ከክፉ ቀን፣ አንዳንዱም ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኮረም ከተሰደደበት ከ1977 ዓ.ም. ይጀምራል። ከሰቆጣ በስተምሥራቅ፣ ኮረምን አለፍ ብሎ ያለው የአሸንጌ ሐይቅ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ መዝገብ በሆዱ ይዟል።

ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ዝናም ሲያጥር ውሃው በፀሐይ ይተንናል፤ ቀላሉ ኦክሲጅን ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ይበረክታል፤ ከውሃው የሚረጋውም ኖራ ያንኑ ሚዛን ይዞ ከጭቃው ጋር ይነጠፋል። ሊቃውንት ረጅም ቧንቧ ሰክተው ያወጡትን ጭቃ ቢመረምሩ፣ ከ15 ሺህ ዓመት የሚበልጥ ዘመን አስቀድሞ ብርቱ ድርቅ እንደ ነበረ ተረዱ። ጣናም በዚያው ዘመን ገደማ ደርቆ ነበር፤ ዓባይ ያለ ጣና!

የክፉ ቀንን የከብት እልቂት ግን ጭቃው አይናገርም። በ1977 ዓ.ም. እህሉ ስለ ምን ዘገየ የሚለውም ከሐይቁ ሳይሆን ከመንግሥት መዛግብት የሚፈለግ ነው።